ርካሹ ጎልፍ ጂቲአይ ወይስ ውዱ ስዊፍት ስፖርት? ከደብረ ብርሃን ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለሥራ በወር አራት ጊዜ አዲስ አበባ፣ ሁለት ጊዜ ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። ጉልበት ያለው ትንሽ መኪና ልገዛ ብዬ ሁለት አግኝቻለሁ። አንዱ በፈረንጆቹ የ2007 ጎልፍ 5 ጂቲአይ ነው፤ ዲኤስጂ (ማርሹን ራሱ የሚቀይር) ካምቢዮ፣ ጌጁ ላይ 142 ሺ፣ ዋጋው 1 ሚሊዮን 750 ሺ ብር። ሌላው የ2009 ስዊፍት ስፖርት 1.6 ማንዋል፣ 118 ሺ የነዳ፣ 2 ሚሊዮን 50 ሺ ብር ይሉኛል። ጎልፉ ጉልበቱም ይበልጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ መሸጤ አይቀርም። የቱ ያዋጣኛል? ስዊፍቱን ብገዛስ ማርሚታና ሞላ ብቀይርለት ስሸጠው ዋጋ ይጨምርልኛል?»

ወንድሜ፣ በተጠራልህ ዋጋ ከሆነ ስዊፍቱን ያዝ። ጎልፉ መጥፎ መኪና ሆኖ አይደለም፤ 300 ሺ ብሩ ቅናሽ ስላልሆነ ነው። ሻጩ ሳይሠራው የተወውን ሥራ ነው በቅናሽ መልክ ወደ አንተ የሚያሻግረው። ጎልፉ ከ1 ሚሊዮን 450 ሺ በታች ከወረደና ከዚህ በታች የምነግርህን ምርመራ ካለፈ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን እንቁጠር። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ አራት ጊዜ 1,040 ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ወደ 95 ገደማ ስለሆነ ሁለት ደርሶ መልስ 380 ነው። የከተማ ውስጡን 200 ብትጨምርበት በወር 1,600፣ በሦስት ዓመት 58 ሺ ኪሎ ሜትር ገደማ ትነዳለህ። ይኼ ትንሽ አይደለም። መኪና ለሠርግና ለበዓል ብቻ የሚያወጣ ሰው ጂቲአዩን ሦስት ዓመት ይዞት ምንም ሳይነካው ሊሸጠው ይችላል። አንተ ግን በነዚህ 58 ሺ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የዚህን ሞተር ትልልቅ የአገልግሎት ጊዜያት ሁሉ ታልፍባቸዋለህ።

ቤንዚን። በረጅም መንገድና በከተማ ተደባልቆ ስዊፍት ስፖርት በ100 ኪሎ ሜትር 7.5 ሊትር፣ ጂቲአዩ 9 ሊትር አካባቢ ያስፈልጋቸዋል። እግርህ ከከበደ ሁለቱም ይጨምራሉ፤ ጎልፉ ይብሳል። የ1.5 ሊትሩ ልዩነት በ58 ሺ ኪሎ ሜትር 870 ሊትር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2017 መጀመሪያ 91 ብር ከሳንቲም የነበረው ቤንዚን በዚያው ዓመት የገና ሰሞን ከ101 ብር አልፏል፤ ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። በ120 ብር ብታሰላው 104 ሺ ብር ሄደ ማለት ነው። ከ300 ሺው 196 ሺ ቀረህ።

አሁን ይኼ 196 ሺ ምን ምን እንደሚሸከም ተመልከት።

ጎልፍ 5 ጂቲአይ ላይ ያለው ባለ 2.0 ቱርቦ ሞተር ታይሚንጉ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው፣ በቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ቢበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታቸዋል፤ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል። መኪናው 18 ዓመት ያለፈው ስለሆነ ጌጁ ምንም ይበል ምን፣ ቺንጊያው የተቀየረበት ወረቀት ካልቀረበልህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ቺንጊያ ስለሆነ ቺንጊያ፣ መወጠሪያ፣ ሮለርና ፓምፕ አንድ ላይ ነው የሚቀየሩት። «ቺንጊያውን ብቻ ቀይረነዋል» ካሉህ ግማሽ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ትንሽ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሞተር የበላው ግን እሱ ነው። የከፍተኛ ግፊት ቤንዚን ፓምፑ የሚሠራው ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ሲገፋው ነው። በመካከላቸው የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል፣ ጥቁር ቅብ ያላት የብረት ቆብ አለች፤ ካም ፎሎወር ይሏታል። ቅቡ ሲላጥ ብረቱ ይበላል፣ በመጨረሻም ይበሳል። ያኔ ፓምፑም ካምሻፍቱም አብረው ይሄዳሉ። ፓምፑን የያዙት ሦስት ብሎኖች ናቸው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አውልቆ ያሳይሃል። ሳትገዛ በፊት ይህን አስደርግ። ቆቧ ጥቁር ከሆነች ጥሩ ነው። መሃሏ ላይ ብርማ ክብ ከታየ አዲስ ይገባላታል። ጉድጓድ ካየህ መኪናውን ተወው። ሻጩ «ሞተሩ አይነካም» ካለህ መልሱን ሰጥቶሃል፤ ተሰናብተህ ሂድ። ከገዛኸው ደግሞ በየ20 ሺ ኪሎ ሜትሩ እየከፈትክ ማየት የአንተ ፋንታ ነው።

ሦስተኛው ካምቢዮው ነው። ይህ ዲኤስጂ ባለ ስድስት ማርሽ ሲሆን ሁለቱ ፍሪሲዮኖቹ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ዘይቱና ፊልትሮው በየ60 ሺ ኪሎ ሜትር መቀየር አለባቸው። በ142 ሺ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀይረው መሆን ነበረበት፤ ወረቀት ጠይቅ። ካልተቀየረ ከፍሪሲዮኑ የሚረግፈው ብናኝ ሜካትሮኒክስ የሚባለው ማዘዣ ውስጥ ይገባና ቫልቮቹን ያጣብቃል። ያገለገለ ሜካትሮኒክስ ፈልጎ ማስገጠምና በኮምፒውተር ማስተካከል ብቻውን 196 ሺውን ሊውጠው ይችላል። ዘይቱ ሲሞላም ልኩ የሚለካው የዘይቱ ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለበት ጊዜ፣ ሞተሩ በርቶ ነው። በዓይን ግምት የሚሞላ ጋራዥ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ሲሞከር እንዲህ አድርግ። መኪናው ጠዋት ሳይነሳ ድረስበት፤ ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ዲ ላይ አድርገህ ቤንዚን ሳትረግጥ ልቀቀው፤ ሳይንቀጠቀጥ በዝግታ መንቀሳቀስ አለበት። ከአር ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ አር አመላልሰው፤ መዘግየትና መምታት መኖር የለበትም። ከዚያ ዳገት ላይ አቁመህ አስነሳው። በመጨረሻ ለቮልስዋገን የሚሆን ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉንም ክፍል ያንብብልህ። የተመዘገበ ብልሽት ካለ ብዙ ጊዜ ብልሽቱ የተፈጠረበት ኪሎ ሜትር አብሮ ይወጣል። ጌጁ 142 ሺ እያለ ብልሽቱ 190 ሺ ላይ የተመዘገበ ከሆነ ጌጁ ተመልሷል ማለት ነው። ይህችን መንገድ ብዙ ደላላ አያውቃትም።

የቀረውን በአጭሩ ልጥቀስልህ። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ስለሚረጭ ቫልቮቹ ላይ ካርቦን ይጋገራል፤ ማኒፎልድ ወርዶ ይጸዳል። የቱርቦውን ትርፍ ግፊት የሚመልሰው የዳይቨርተር ቫልቭ ጎማ ይቀደድና ግፊቱ ያመልጣል፤ ርካሽ ዕቃ ነው። የማቀጣጠያ ኮይሎቹ ይቃጠላሉ፤ አንድ ትርፍ መኪና ውስጥ አስቀምጥ። ጎማው 225/45 በ17 ቸርኬ ነው። የደብረ ብርሃን ኮብልስቶን ላይ ቸርኬ የሚያጎብጠው ይኼ ቀጭን ጎማ ነው። የስዊፍቱ 195/50 በ16 እሱም ወፍራም አይባልም፤ ግን መኪናው ከጎልፉ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚቀል ምቱ ይቀንስለታል።

አሁን ለጎልፉ ፍትሕ ልስጠው። የጠየቅኸው ፈጣን መኪና ነው፤ የምትኖረው ደግሞ 2,840 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስዊፍት ስፖርት ሲሠራ የተጻፈለት 125 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ በእጅህ የሚቀረው 93 አካባቢ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ስትሄድ ከደብረ ብርሃንም ከፍ የሚለው ጣርማ በር ላይ ከዚያም ያንሳል። ጂቲአዩ በቱርቦ የሚሠራ በመሆኑ የጎደለውን አየር ተርባይኑን አፍጥኖ በብዛት ይተካል፤ ከ200 ፈረስ ጉልበቱ የሚያጎድለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ የ75 የሆነው ልዩነት ለአንተ ከመቶ ይጠጋል። ከሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ተነስተህ ወደ ጣርማ በር ዋሻ ስትወጣ ስዊፍቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየጮኸ ነው የምታወጣው። በጎልፉ ግን አይሱዙውን መቅደም ጨዋታ ነው። ዋጋው ከወረደ ጎልፉን እንድታስብበት ያልኩህ ለዚህ ነው። ከገዛኸው ግን ዳገቱን ጨርሰህ ስትቆም ሞተሩን ወዲያው አታጥፋው፤ አንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ ይሥራ። ዘይቱንም በየ8 ሺ ቀይር፤ የአውሮፓ መጽሐፉ የሚልህን ረጅም ርቀት እርሳው። የዘይቱ ዓይነት 5 ደብሊው 40 ሆኖ የቮልስዋገን 502 ማረጋገጫ ጣሳው ላይ ያለበት ይሁን።

ከከፍታው ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ፤ መካኒክ ሳይቀር ይሳሳትበታል። ስዊፍቱን ስታስመረምር የኮምፕሬሽን መለኪያ ይገባለታል። ባሕር ጠረፍ ላይ 180 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ሲለካ 130 አካባቢ ነው የሚያሳየው፤ አየሩ ራሱ አንሷልና። «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል» ተብሎ ጥሩ መኪና ያለጥፋቱ የሚወድቀው በዚህ ነው። አንተ የምታየው የአራቱን ሲሊንደሮች ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ያኔ ተጠራጠር። ሦስቱ 130፣ አንዱ 105 ከሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ ጥቂት ዘይት አንጠባጥበው ድጋሚ ይለኩት። ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

የራዲያተር ክዳንም እንደዚያው። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው 82 እና ከዚያ በላይ ነው። በመካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ስለሆነ የሚጠብቅህ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ጤነኛ ሲሆን መፍያው ከ115 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን አዲስ አበባ ላይ ችግሩን ሊደብቅ ይችላል፤ ጣርማ በር ዳገት ላይ ግን መኪናውን ያፈላዋል። የማንኛውንም መኪና ክዳን ስትገዛ ወዲያው ቀይር። ውስጡም ተራ ውሃ ሳይሆን አንቲፍሪዝ ይግባ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አንድ ምክንያት ነው፣ ዝገት ሌላ።

የስዊፍቱ ደካማ ጎኖች። ሞተሩ ታይሚንጉ በካቴና ስለሆነ የቺንጊያ ወጪ የለብህም። ግን ጠዋት ሲነሳ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ካቴናው ወይም መወጠሪያው አልቋል። ካምቢዮው ላይ ሦስተኛ ማርሽን ከፍ ባለ ዙር በፍጥነት አስገባው፤ ከተንጫጫ ማርሹን አስማምቶ የሚያስገባው ሲንክሮ ተበልቷል፤ እንዲህ ያለው መኪና ሲጋለብ የኖረ ነው። ከፊት እግሩ የታችኛው ክንድ ጎሚኒ፣ ከኋላ ደግሞ የሚጣበቅ የፍሬን ካሊፐር ይፈተሽ፤ ሳትረግጠው እየያዘ ከሆነ ከጉዞ በኋላ ያኛው ቸርኬ ሲነካ ያቃጥላል። አሞርዛተሩና ፊት ያለው ባምፐር የስፖርቱ ብቻ ናቸው፤ ከተሰበሩ ፍለጋው ረጅም ነው። የሞተሩ ዝርያ ግን ኤስኤክስ4 1.6 እና ትንሹ ግራንድ ቪታራ ላይ ያለው ስለሆነ ፊልትሮ፣ ቴርሞስታት፣ ውሃ ፓምፕ የመሰለው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሲጠየቅ አይጠፋም። ካምሻፍቱና ፒስተኑ ይለያሉ፤ የሌላውን አምጥተው እንዳይገጥሙልህ። በፍትሕ ለመናገር የጎልፉም የእግር ዕቃ ከጄታ፣ ከአውዲ ኤ3 እና ከኦክታቪያ ጋር የሚጋራ በመሆኑ አይቸግርም፤ የሚቸግረው የሞተሩና የካምቢዮው ነው። እሱን የሚሠራልህ ሰው የምታገኘው አዲስ አበባ ነው። መንገድ የተዘጋ ሰሞን ወይም ዕቃ የሚጠበቅበት ሁለት ሳምንት ሥራህ ላይ የሚያደርሰውንም በወጪ ጻፈው።

ሁለቱም መኪኖች የተሠሩት 95 ኦክቴን ለሚቀዳበት አገር ነው። እኛ ማደያ ላይ የምንመርጠው የለም። ከፍታው ለስዊፍቱ ይረዳዋል፤ የታመቀው አየር ስለሚያንስ ቤንዚኑ ያለጊዜው እየነደደ ሞተሩን ማንኳኳቱ ይቀንሳል። ጎልፉ ግን በቱርቦ ስለሚያምቅ ኮምፒውተሩ ማቀጣጠያውን እያዘገየ ነው ራሱን የሚያድነው። ቤንዚን ጠፍቶ ከጀሪካን የሚሸጥ ሲያጋጥምህ ስዊፍቱ ላይ የምታጠፋው ምናልባት ካንዴላ ነው። ጎልፉ ላይ የከፍተኛ ግፊት ፓምፑና ኢንጀክተሮቹ ናቸው።

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ዜሮ ማርሽ አታድርግ። ቤንዚን ይቆጥባል የሚባለው ኢንጀክሽን ላለው መኪና አይሠራም፤ በማርሽ ስትወርድ እግርህን ካነሳህ ቤንዚኑ ጭራሽ ይቋረጣል። በዜሮ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል፣ ፍሬኑም ብቻውን ይቀራል። ዲኤስጂውን በእጅ አድርገህ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ላይ ያዘው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ዓመት አንዴ በዶት 4 ይቀየር፤ እርጥበት የያዘው ቁልቁለቱ ላይ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ወደ መሸጫው ልምጣ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማድረጉን አስታወቀ፤ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ሁለቱ ተደምረው እዚህ ያለውን መኪና ዋጋ በብር ከፍ አደረጉት። ስለዚህ ሁለቱንም ከገዛህበት በላይ ልትሸጣቸው ትችላለህ፤ ያ ትርፍ መስሎ እንዳይታይህ። ያኔ ሌላ ለመግዛት የምትከፍለውም በዚያው ልክ ወጥቷል። የምታወዳድረው አንዱ ከሌላው አንጻር ምን ያህል እንደያዘ ነው።

እዚያ ላይ ስዊፍት ይበልጣል፤ ምክንያቱ ገዢው ነው። ስዊፍት ስፖርት ፍጥነት የማይፈልገውም ሰው «ስዊፍት ነው» ብሎ ይገዛዋል። ጂቲአይ የሚገዛው ጂቲአይ የሚፈልግ ብቻ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ስለ ዲኤስጂ ሰምቷል፣ ይዞ የሚመጣውም መካኒክ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ለወራት ቆሞ ሲታይ የሚቀንሰው ዋጋ አለ። የቺንጊያውንና የካምቢዮ ዘይቱን ደረሰኝ፣ የተቀየረችውን አሮጌ ካም ፎሎወር ሳይቀር በፌስታል አድርገህ ካስቀመጥክ ግን ከሌላው ጂቲአይ ተለይቶ ይሸጣል። ኤሌክትሪክ መኪኖቹ ከፍታ አይነካቸውም፣ ሲነሱም ፈጣን ናቸው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚሻሙብህ የከተማ ገዢውን ነው። ያ ገዢ ደግሞ ከስዊፍቱ ይልቅ ለጎልፉ ነበር የሚያስፈልገው።

ኢንሹራንስ ላይ አንድ ነገር። የሦስተኛ ወገኑ ግዴታ ነው። ሙሉውን ስትገባ የመኪናውን ዋጋ የዛሬውን አስጽፍ፣ በየዓመቱም አሳድሰው። 2 ሚሊዮን የሚያወጣውን በ1 ሚሊዮን ካስመዘገብከው የ200 ሺ ብር ጉዳት ሲደርስብህ በዚያው ልክ ግማሹን ብቻ ሊከፍሉህ ይችላሉ።

ውል ከመፈራረምህ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬውና ከዲክላራሲዮኑ ጋር በዓይንህ አስተያይ፤ የባንክ ዕዳና ዕግድ መኖሩን ከመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት አጣራ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን ሳታረጋግጥ ቀብድ አትስጥ። የስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥም አለ፤ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ደግሞ አስነስተህ ከሥር እየው፤ በክረምት መንገዳቸው ላይ የሚረጩት ጨው የኋላ እግሩን መያዣና የፍሬን ቱቦውን ይበላል።

ስለ ማርሚታና ሞላ፦ አይጨምርም፣ ይቀንሳል። የሚጮህ ማርሚታ ለገዢው «ይህ ልጅ ሲጋልበው ነበር» ብሎ ይነግርልሃል። ዝቅ ያለ ሞላ ደግሞ ኮብልስቶኑ ላይ የካርተሩን (የሞተር ዘይት መያዣውን) ሆድ ያስመታሃል፣ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ጣጣ ያመጣል። የግድ ካማረህ የፋብሪካውን ዕቃ ዘይት ቀብተህ፣ በጆንያ ጠቅልለህ ቤት አስቀምጠውና ሊሸጥ አንድ ወር ሲቀረው መልሰህ ግጠመው። ለዚያ ያሰብከውን ብር አራት ጥሩ ጎማና የፊት ፍሬን ሸራ ግዛበት፤ ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ጎማውን ነው።